ለሞዴል ቀለም መከለያ የትኛውን ስለት ልግዛ? ለኮምቦልቻው ጠያቂ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ወንድማችን የኢትዮጵያ አየር መንገድን ቦይንግ 787 በ1 ለ 144 መጠን እየሠራ ነው። የጭራውን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ለመለየት የወረቀት ፕላስተር ይለጥፋል፣ በከተር ይቆርጣል፣ ከዚያ ቀለሙን ይረጫል። ፕላስተሩን ሲያነሳ ግን ጠርዙ ተበጣጥሶ፣ ቀለሙም ከሥር ገብቶ ያገኘዋል። «የትኛውን መቁረጫ ልግዛ? እንዴትስ ልያዘው? ወይስ ነገሩን ትቼ ስቲከር ቤት ሄጄ በፕሎተር፣ በኮምፒውተር በሚታዘዘው የስቲከር መቁረጫ ማሽን፣ ላስቆርጥ? የተበላሸውን ጭራስ ምን ላድርገው?» ይላል።

አብሽር ወንድሜ፣ የሚስተካከል ነገር ነው። እኔ ደሴ ላይ የታፔላና የስቲከር ሥራ ነው የምሠራው፣ ትርፍ ጊዜዬን ደግሞ ሞዴል ላይ አሳልፋለሁ። ስለት ከእጄ አይለይም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ብዙ ሰው እንዲህ ሲገጥመው መጀመሪያ ፕላስተሩን ይወቅሳል። አንዳንዱ «ቀለሙ ቀጥኖብኝ ነው» ይላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። አንተ ግን «ጠርዙ ይበጣጠሳል» ብለሃል፣ ይሄ የስለት ነገር ነው። የደነዘ ስለት ወረቀቱን ይገፋዋል፣ ከዚያ ይቀደዋል። ሲቀደው ጠርዙ በጣም ትንሽ ወደ ላይ ይነሳል። በዓይን ላታየው ትችላለህ፣ ቀለሙ ግን ያገኘዋል፤ ፈሳሽ ነገር ጠባብ ክፍተት ካገኘ ማንም ሳይገፋው ራሱ ይሳባል። በዚያ ላይ የአንተ ሞዴል ትንሽ ነው። 787-8 በእውኑ ዓለም 56.7 ሜትር ነው፣ በ1 ለ 144 ሲሆን 39 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሸሸ መስመር በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ7 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ዓይን ይሄን ወዲያው ይይዘዋል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምመክርህ፣ ገንዘብህን ለእጀታ ሳይሆን ለስለት አውጣ። ቆንጆ እጀታ የያዘ ሰው በደነዘ ስለት ሲታገል ሳይ ያሳዝነኛል። ስለት ፍጆታ ነው። እንደ ቀለሙና እንደ ቲነሩ የሚያልቅ ነገር አድርገህ ቁጠረው።

አሁን ያለህ ከተር መደንዘዙን ማወቅ ከፈለግህ እንዲህ አድርግ። መብራት ሥር ሁን፣ ስለቱን ወደ ላይ አዙረህ ጠርዙን በቀጥታ ተመልከተው። የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፣ ምንም መስመር አታይበትም። የደነዘ ቦታ ካለው ግን እዚያ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ወይም ቀጭን የሚያብረቀርቅ መስመር ትታይሃለች። ለመከለያ ሥራ የምትጠቀመው የመጨረሻዋን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ጫፍ ብቻ ስለሆነ፣ ነጥቧ ጫፉ ላይ ካለች ሌላው አካሉ ቢሳልም ዋጋ የለውም። ሁለተኛው መፈተኛ ፕላስተሩ ራሱ ነው። ቁራጭ ፕላስተር መስታወት ላይ ለጥፍ፣ ጠመዝማዛ መስመር ቁረጥበት፣ አንዱን ወገን ቀስ ብለህ አንሳ። የሞባይልህን ካሜራ አቅርበህና አጉልተህ ጠርዙን ፎቶ አንሳው። በጥሩ ስለት የተቆረጠው ልሙጥ ይሆናል። በደነዘው የተቆረጠው ላይ ደግሞ የወረቀቱ ክሮች ጸጉር መስለው ቆመው ታያቸዋለህ። እነዚያ ክሮች ናቸው ቀለሙን ወደ ውስጥ የሚመሩት።

ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ።

ከተሩን አትጣለው። ባለ 9 ሚሊ ሜትሩ ቀጭን ከተር ከብረት ማስመሪያ ጋር ለቀጥታ መስመር ጥሩ ነው። እየተሰበረ የሚታደሰው ስለት ጃፓን ውስጥ በ1956 እ.ኤ.አ. የተፈለሰፈ ነው። ሐሳቡ ጫፉ ሲደነዝ ሰብሮ አዲስ ጫፍ ማግኘት ነው፣ እኛ ጋ ግን ሰው አንዱን ጫፍ ወር ሙሉ ይዞት ይከርማል። ስበረው። ለመስበር ፒንሳ ተጠቀም፣ ፊትህን አዙር፣ ስብርባሪው እንዳይፈናጠር በጨርቅ ሸፍነው። ካገኘህ ደግሞ ጫፉ 30 ዲግሪ የሆነውን ስለት ግዛ። የተለመደው 60 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ጫፉ ደልደል ስለሚል ጠባብ ማዕዘን ላይ የት እንዳለ አይታይህም። የከተር ትልቁ ችግር ስለቱ በሰረገላው ውስጥ መወዛወዙ ነው። ጉብጠት ላይ ስትዞር ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የጭራውን ቅስት በከተር አትሞክር።

ለቅስትና ለማዕዘን የሚሆንህ የቀዶ ጥገና ምላጭ ነው፣ ብዙዎቹ ሰርጂካል ብሌድ የሚሉት። እዚህ ጋ በደንብ ስማኝ፣ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነውና። እጀታውም ቁጥር አለው፣ ስለቱም ቁጥር አለው። 3 ቁጥር እጀታ 10፣ 11፣ 12 እና 15 ቁጥር ስለቶችን ይይዛል። 4 ቁጥር እጀታ ደግሞ ከ20 ጀምሮ ያሉትን ትልልቆቹን ነው የሚይዘው። አንዱ ለሌላው አይገጥምም። አንተ 3 ቁጥር እጀታ ግዛ፣ ከዚያ 11 ቁጥር ስለት በብዛት፣ 15 ቁጥር ጥቂት ያዝ። 11 ቁጥር ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ሹል ነው፤ ለማዕዘንና ለትንንሽ ቅርጽ እሱን የሚያህል የለም። 15 ቁጥር አጭር ሆኖ ወደ ጫፉ ይጎብጣል፤ ረጅም ቅስት ላይ ሳይያዝ ይንሸራተታል። የጭራህን ትልልቅ መስመሮች በ15 ሞክራቸው፣ ትወደዋለህ።

ሌላ ማወቅ ያለብህ፣ ባለ አሉሚኒየም እጀታው የሞዴል ሠሪዎች ቢላ ላይም 11 ቁጥር የሚባል ስለት አለ። ቁጥሩ አንድ ነው፣ አገጣጠሙ ግን ፍጹም የተለየ ነው። ከውጭ ሰው ስታስመጣ ይሄን ለይተህ ንገረው። የሞዴል ሠሪዎቹ ስለት ወፍራም ነው፣ ጫፉ ትንሽ ይታገሣል፣ ፕላስቲክ ለመቁረጥም ይሆናል። የሰርጂካሉ ቀጭን ስለሆነ ለፕላስተር ይሻላል፣ ነገር ግን ወደ ጎን ከጠመዘዝከው ጫፉ ቀንጠስ ይላል። በሱ ፕላስቲክ አትቁረጥ፣ ክዳን አትፈልቅቅበት።

ስለቱን ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሕክምና ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች ጋ ጠይቅ። እያንዳንዱ ለብቻው ታሽጎ ነው የሚመጣው። ማሸጊያው የተከፈተ ከሆነ አትውሰድ። የሚያውቁት ነርስ ወይም ሐኪም ቤት ሠራተኛ ያገለገለ ስለት እንዲሰጣቸው የሚጠይቁ ልጆች አውቃለሁ፣ ይሄን በፍጹም አታድርገው። ጣትህን መቁረጥህ አይቀርም፣ በደም የሚተላለፍ በሽታ ደግሞ ቀልድ አይደለም። አዲሱም ቢሆን ስትገጥመውም ስትነቅለውም በፒንሳ ያዘው፣ በጣትህ አትሞክረው። ማሸጊያው ላይ ካርቦን ስቲል ወይም ስቴንለስ የሚል ጽሑፍ ታገኛለህ። ካርቦኑ የበለጠ ይሳላል፣ ግን ይዝጋል። ስቴንለሱ ዝገት ይችላል። እኔ ካርቦኑን እመርጣለሁ፣ አያያዙን ወደ ታች እነግርሃለሁ።

ገንዘብ ካጠረህ ደግሞ ማንኛውም ሱቅ ውስጥ ያለው የጢም ምላጭ አለልህ። ባለ ሁለት ስለቱ ምላጭ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ቀጭን ስለት በቀላሉ አታገኝም። ከወረቀቱ ሳታወጣ ለሁለት ስበረው፣ አንዱን ወገን በፕላስተር ጠቅልለህ መያዣ አብጅለት። ማስመሪያ ላይ ተደግፎ ቀጭን ቀጭን የፕላስተር ዘንግ ለመሰንጠቅ ድንቅ ነው። ይተጣጠፋል፣ ስለዚህ ለቅስት አይሆንም።

ለሞተሮቹ አፍ ዙሪያ ክብ መከለያ ያስፈልግሃል። ክብ መቁረጫ ኮምፓስ ካገኘህ እሰየው። ስትጠቀምበት መሣሪያውን ይዘህ ሥር ያለውን የመቁረጫ ምንጣፍ አዙር፣ ክቡ ያኔ በትክክል ይገጥማል። ለትንንሽ ክብ ደግሞ ጫማ ሠሪዎች ቆዳ የሚበሱበት ክብ መብሻ ይበቃል። ፕላስተሩን ስቲከር የሚለጠፍበት ብርማ ወረቀት ላይ ለጥፈህ፣ ከሥሩ ጠንካራ ፕላስቲክ አድርገህ አንዴ ምታው። ደጋግመህ ከመታኸው ጠርዙ ድርብ ይሆናል።

ስለ ምንጣፍ። አረንጓዴው የመቁረጫ ምንጣፍ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፣ የስለትህን ዕድሜ የሚወስነው እሱ ነው። መስታወት ላይ ስትቆርጥ ጠርዙ በጣም ንጹሕ ይወጣል፣ የስለቱ ጫፍ ግን ቶሎ ይሞታል። እኔ ለመጨረሻው ወሳኝ መስመር መስታወት፣ ለሌላው ሁሉ ምንጣፍ ነው የምጠቀመው። ምንጣፉን ፀሐይ ላይ አትተወው፣ አንተ ጋ ሙቀት ስላለ ይጣመማል፣ ከተጣመመ ደግሞ አይመለስም። ሞዴሉ ላይ ለጥፈህ መቁረጥ ደግሞ የመጨረሻ አማራጭህ ይሁን። እንደ አብራሪዎቹ መስኮት ያለ ቦታ ላይ ግድ ሲሆን ገና ከማሸጊያው የወጣ ስለት ግጠም፣ የእጅህ ክብደት ብቻ ይበቃዋል። ከገፋህ ፕላስቲኩን ትጭረዋለህ፣ ጭረቱም ከቀለም በኋላ ነው ቁልጭ ብሎ የሚታየው።

አቆራረጡ ላይ ብዙ አልልም። ለቀጥታ መስመር ስለቱን ዝቅ አድርገህ ያዘው፣ ሰፊ ጠርዝ ይሠራልሃል። ለቅስት ቀና አድርገው። እጅህን ከማዞር ወረቀቱን አዙር። ማዕዘን ላይ ስትደርስ አትዙር፤ ከማዕዘኑ ተነስተህ ወደ ውጭ ቁረጥ፣ ተመልሰህ ከዚያው ነጥብ ወደ ሌላው አቅጣጫ ቁረጥ። ሁለት ጊዜ ቀለል አድርጎ መሄድ አንዴ ከመጫን ይሻላል።

አሁን አያያዙ። ሰዎች ስለት የሚደነዝባቸው በመቁረጥ ብቻ ይመስላቸዋል። ግማሹ ሙጫ ነው። ፕላስተርና ስቲከር ስትቆርጥ ሙጫው ስለቱ ጎን ላይ ይጋገራል፣ ከዚያ ስለቱ ወረቀቱን ይዞ ይጎትታል። ስለዚህ በየመሀሉ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረገው። አጠራረጉ ከጀርባው ወደ ስለቱ ነው፣ በቁመቱ ከሄድክ ጣትህንም ጠርዙንም ታጣለህ። ሙጫው ከደረቀ ቤንዚን ያስለቅቀዋል፣ ግን መስኮት ክፈት፣ ከሰል ወይም ሲጋራ ያለበት ክፍል ውስጥ አይሆንም።

ሥራ ስትጨርስ ካርቦን ስለቱን አድርቀህ የስፌት መኪና ዘይት ጠብታ ቀባ አድርግበት። እኛ ደሴ ክረምት ላይ ጉሙ ቤት ድረስ ስለሚገባ ዘይት ያልነካው ስለት በጥቂት ቀን ነጠብጣብ ዝገት ያወጣል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት የሚስብ ትንሽ ከረጢት ከስለቶቹ ጋር አስቀምጥ። በማግሥቱ ከመቁረጥህ በፊት ግን ዘይቱን በአልኮል ሙልጭ አድርገህ አንሳው። ዘይት ፕላስተሩ ላይ ከደረሰ አይጣበቅም፣ ሞዴሉ ላይ ከደረሰ ቀለም አይይዝም። ሌላው፣ ጫፉ ምንም ነገር እንዳይነካ አድርገህ አስቀምጥ። ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ከእርሳስና ከብሩሽ ጋር የሚጣል ቢላ በማግሥቱ ጫፍ የለውም። ቡሽ ላይ ወይም ስፖንጅ ላይ ሰካው።

መሳልን በተመለከተ፣ የሰርጂካል ስለት በድንጋይ አትሳል። በጣም ቀጭን ነው፣ የፋብሪካውን ጠርዝ በእጅ አትመልሰውም። ማድረግ የምትችለው በቆዳ ማሻሸት ነው። የእውነተኛ ቆዳ ቀበቶ ቁራጭ እንጨት ላይ ለጥፍ፣ ብረት የሚያብረቀርቅ ክሬም በስሱ ቀባው፣ ስለቱን አስተኝተህ ጀርባውን አስቀድመህ ጎትት። ስለቱን አስቀድመህ ከገፋህ ቆዳውን ይቆርጠዋል። በየወገኑ ጥቂት ጊዜ ይበቃል። ይሄ የላሸቀ ጠርዝ ያነቃል፣ የተሰበረ ጫፍ ግን አያድንም። ወፍራሙን የሞዴል ቢላ ከሆነ 2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግተህ፣ ውሃ አርጥበህ መሳል ትችላለህ።

ያለቀውን ስለት ቆሻሻ ውስጥ አትጣል። ቆራሌዎችና ቆሻሻ የሚያነሱ ልጆች እጃቸውን የሚከቱበት ነገር ነው። ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተት፣ ክዳኑ ላይ ጠባብ ቀዳዳ አብጅ፣ ሲሞላ አሽገው።

ፕሎተሩስ? ጥሩ ነው፣ በተለይ ተመሳሳይ ቅርጽ ብዙ ከሆነብህ። ግን እሱም የሚቆርጠው በስለት ነው፣ ያው ሕግ ይሠራበታል። ስቲከር ቤት ስትሄድ ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ በምን ላይ ነው የሚቆርጡልህ? የተለመደው የማስታወቂያ ስቲከር ሙጫው ኃይለኛ ነው፣ ሲነሳ ከሥር ያለውን ቀለም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሙጫው ቀላል የሆነ የመከለያ ፊልም ከሌላቸው የራስህን የወረቀት ፕላስተር ስቲከር የተነሳለት ብርማ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ለጥፈህ ይዘህ ሂድ፣ እሱን ይቆርጡልሃል። ሁለተኛ፣ የማሽኑ ስለት ስንት ዲግሪ ነው? ለተራ ሥራ 45 ይበቃል፣ ለደቃቅ ቅርጽ 60 ይሻላል። አስቀድመው ትንሽ አራት ማዕዘን ቆርጠው እንዲያሳዩህ ለምናቸው። ላዩ ተቆርጦ ብርማው ወረቀት ላይ ቀላል ምልክት ብቻ ከቀረ ልኩ ነው። ወረቀቱ ራሱ ከተቀደደ ስለቱ በጣም ወጥቷል። ማዕዘኑ ከተድበለበለ ወይም ጭራ ካወጣ፣ ወይ ስለቱ አልቋል፣ ወይ የስለቱ ጫፍ ከመሐሉ የሚርቅበት ልክ ማሽኑ ላይ በትክክል አልተሞላም። ይሄ ልክ ብዙ ጊዜ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ የስለቱ መያዣ ውስጥ የስቲከር ፍርፋሪ ተሰንቅሮ ነው፣ ነቅሎ መጥረግ ይፈታዋል። ለአንድ ጭራ ግን በእጅ ብትቆርጠው እመርጣለሁ። እጅህ ይለምዳል፣ ቀጣዩን ሞዴል ስትሠራ ማንንም አትጠብቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፣ ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ ከፍታው ወደ 1,850 ይጠጋል። ሙቀቱ ይለያያል፣ ሙጫም ሙቀት ይወዳል። አንተ ጋ ከሰዓት በኋላ ፕላስተሩ ይለሰልሳል፣ ስለቱ ላይ ይጋገራል፣ ሞዴሉ ላይ ካደረም ሙጫ ጥሎ ይነሳል። ጠዋት ቁረጥ፣ የዚያኑ ቀን ቀብተህ አንሳ። እኛ ጋ ተቃራኒው ነው፣ ብርድ ላይ ፕላስተሩ ይደርቅብናል፣ በእጃችን አሙቀን ነው የምንለጥፈው።

የተበላሸው ጭራህን አትጣለው። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ የመኪና ቀለም መሸጫ የሚገኘውን 2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ አርጥበህ የፈሰሰውን ጠርዝ ቀስ እያልክ አለስልሰው። ከዚያ ነጭ መደብ እርጭበት። ቢጫ ቀለም ከሥሩ ያለውን ስለማይሸፍን ነጩ ላይ መጀመሪያ ቢጫውን ቀባ። ሲደርቅ ቢጫው እንዲቀር የምትፈልገውን ቦታ ከልል፣ ጠርዙን በስቴኪኒ ጎን ጫን ጫን እያደረግህ አጣብቀው። አሁን ወደ ቀዩ አትሂድ። በመከለያው ጠርዝ ላይ መጀመሪያ ቢጫውኑ ደግመህ በስሱ እርጭ። የሚገባ ቀለም ካለ ቢጫ ነው የሚገባው፣ ቢጫ ላይ ቢጫ ደግሞ አይታይም፣ ክፍተቱንም ይደፍነዋል። እሱ ሲደርቅ ቀዩን በስሱ ደጋግመህ እርጭ። መከለያውን ስታነሳ ወደ ላይ አትሳበው፣ ወደ ኋላ አጥፈህ፣ ከሞዴሉ ጋር አስጠግተህ ቀስ ብለህ ጎትት። ለአረንጓዴውም እንዲሁ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም መከለያ ስትቆርጥ አዲስ የስለት ጫፍ ተጠቀም፤ ቢጫው መጀመሪያ ያለ መከለያ ስለሚቀባ፣ ለቀዩና ለአረንጓዴው ሁለት አዲስ ስለት ይበቃሃል።